ቤት ፍለጋው ከታክሲ ተራው ይጀምር

አዲስ አበባ ውስጥ የሚከራይ ቤት የሚፈልግ ሰው ለደላላው የሚያነሳቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ኪራዩ ስንት ነው? ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ቆጣሪው የግል ነው የጋራ? አከራዩ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው የሚኖረው? የግቢው በር ማታ ስንት ሰዓት ይዘጋል? የመንገዱ ነገር የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም «ታክሲ ቅርብ ነው?» በሚል አንድ አጭር ጥያቄ። ደላላው «አምስት ደቂቃ» ይላል፤ ወሬው እዚያው ያልቃል። ደላላው ላይዋሽ ይችላል፤ አስፋልቱ እውነትም አምስት ደቂቃ የሚያስኬድ ሊሆን ይችላል። ጎዶሎው ጥያቄው ነው። ሠራተኛን የሚያደክመው ኪሎ ሜትሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ካርታ አይቶ ቤት መምረጥ በቻልን ነበር። የሚያደክመው ግን መንገድ ላይ ስንት ጊዜ ወርዶ እንደገና መሰለፍ እንዳለበት ነው፤ እያንዳንዱ ሰልፍ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ደግሞ ማንም አስቀድሞ አያውቅም። በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ለአንድ ነገር ነው፦ ቤት ስንመርጥ ከርቀቱ በፊት ሰልፉን እንቁጠር። ራቅ ብሎ በአንድ መኪና የሚያደርስ ሰፈር፣ ቀረብ ብሎ ሁለትና ሦስት ቦታ ከሚያቆራርጥ ሰፈር በብዙ ይሻላል።

ነገሩ የምቾት ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ በጥናት የታየ ነው። በ2004 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት የሥነ ልቦና ምሁሩ ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ቴክሳስ የሚኖሩ 909 ሠራተኛ ሴቶች ያለፈውን ቀናቸውን ከጠዋት እስከ ማታ መለስ ብለው እንዲያስታውሱና በእያንዳንዱ ክንውን ምን እንደተሰማቸው እንዲመዝኑ አድርገው ነበር። ከቀኑ ክንውኖች ሁሉ ዝቅተኛውን ስሜት ያገኘው ጠዋት ወደ ሥራ የሚደረገው ጉዞ ነው፤ ከሥራውም ከቤት ውስጥ ጉዳዩም በታች። ብሩኖ ፍራይና አሎይስ ስቱትዘር የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ምሁራን ደግሞ በጀርመን ከብዙ ቤተሰቦች ለዓመታት የተሰበሰበ መረጃ ወስደው አንድ የቆየ ሐሳብ ፈተኑ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰው ረጅም መንገድ ለመመላለስ የሚስማማው በምላሹ ርካሽ ኪራይ፣ ሰፊ ቤት ወይም የተሻለ ደመወዝ ስለሚያገኝ ነው፤ ስለዚህ ሩቅ የሚመላለሰውና ቅርብ የሚኖረው በኑሯቸው እኩል መርካት አለባቸው። ውጤቱ እንዲያ አልሆነም። ረጅም የሚጓዙት ባገኙት ነገር ተካክሰው አልተገኙም፤ በኑሯቸው ያላቸው እርካታ ዝቅ ያለ ነበር። እነዚህ ጥናቶች የተሠሩት የግል መኪና በሞላበትና የሕዝብ ትራንስፖርት የመነሻ ሰዓት ባለው አገር መሆኑን አልዘነጋም። ነገር ግን እዚያ እንዲህ የከበደ ጉዞ፣ የመነሻ ሰዓት የሚባል ነገር በሌለበት ከተማ ይቀላል ብሎ ማሰብ አይቻልም። እንደኔ ግምት የሂሳቡ መዛባት የሚመጣው ከመልመድ ነው። ሰፊ ሳሎን በሁለት ወር ይለመዳል፤ በሦስተኛው ወር አይታይም። ዛሬ በ15 ደቂቃ፣ ነገ በአንድ ሰዓት የሚገኝ ታክሲ ግን አይለመድም፤ በየጠዋቱ አዲስ ነው።

የከተማዋን አሠራር ስናይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ሥራው መሃል፣ መኝታው ዳር ነው። መሥሪያ ቤቱ፣ ባንኩ፣ ንግዱ፣ ሆስፒታሉ በአብዛኛው አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስ፣ ሜክሲኮ፣ ለገሃር፣ ቦሌና መርካቶ አካባቢ ተከማችቷል። ኮንዶሚኒየሙ ግን መጀመሪያ እንደ ገርጂ፣ ልደታና ጎተራ ባሉ ሰፈሮች ተሠርቶ፣ ኋላ ክፍት መሬት ወደሚገኝበት ወደ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳና ኮዬ ፈጬ ሄደ። ዕጣ የደረሳቸው ብዙ ሰዎች ቤቱን ስለሚያከራዩት፣ ስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ የሚፈልግ ወጣት ሠራተኛ ሳይወድ በግዱ ወደ ዳር ያያል። በመካከል ያለው መሬት ደግሞ እንደ ካርታው ሜዳ አይደለም። ከእንጦጦ ወደ አቃቂ የሚወርዱት ወንዞች ሰፈሩን ከሰፈር ይቆርጡታል፤ ድልድዩ ራቅ ካለ፣ ማዶ የሚታየው መሥሪያ ቤት ዞሮ የሚኬድበት ይሆናል። የቀለበት መንገዱና የባቡሩ ሐዲድም በአጥር ስለተከለሉ፣ ፊት ለፊት ያለ ፌርማታ ለመድረስ እስከ መሻገሪያው ሄዶ መመለስ የሚያስፈልግበት ቦታ ብዙ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ የታክሲው መስመር እንደ ሸረሪት ድር ሁሉንም ከሁሉም አያገናኝም፤ አብዛኛው ከዳር ተነሥቶ መገናኛ፣ ሜክሲኮ፣ ስታዲየም፣ ፒያሳ ወይም መርካቶ ላይ ያበቃል። ሥራው ሜክሲኮ ለሆነ ሰው ጀሞ ሩቅ ናት ማለት ይከብዳል፤ ሥራው ሲኤምሲ ለሆነ ሰው ግን እጅግ ሩቅ ናት። ለሁለቱም መነሻው ያው ጀሞ ነው፤ አንዱ የሚሰለፈው አንድ ጊዜ ሲሆን ሌላው ወርዶ ደግሞ ይሰለፋል።

አሁን ሚኒባስ ታክሲው እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብለን እንይ፤ ብዙ ቤት ፈላጊ የማያስተውለው እዚህ ላይ ነውና። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የታክሲ ተራ ሰልፉ አስፋልቱን ተከትሎ ተጣጥፏል። ተራ አስከባሪው መኪናው ከመቆሙ በፊት በሩን ይይዛል፤ ሰው በተራው ይገባል፤ የኋላው ወንበር ይሞላል፤ ታጣፊው ወንበር ይዘረጋል፤ ረዳቱ በሩን ዘግቶ ይሄዳል። ታክሲ ከመነሻው ሳይሞላ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ በመስመሩ መሃል ያለ ፌርማታ ላይ የቆመ ሰው የሚሳፈረው «ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ከውስጥ ከተሰማ ብቻ ነው። ወራጅ ከሌለ መኪናው ፍጥነቱንም ሳይቀንስ ያልፋል። ሰልፉ ረጅም ቢሆንም ከመነሻው ያለው ተሰላፊ ወደ ፊት እንደሚራመድ ያውቃል፤ ከፊቱ ያለውን ሰው ቆጥሮ ስንተኛው መኪና እንደሚደርሰው መገመት ይችላል። መሃል ላይ ያለው ግን ተራ የለውም፤ ጉልበት ያለው ይቀድመዋል፤ እርጉዝ፣ አዛውንትና ልጅ የያዘች እናት ወደ ኋላ ይቀራሉ። ከዚህ የሚከተለው ድምዳሜ ለጆሮ እንግዳ ነው፤ ቢሆንም እውነት ነው። በአንድ መስመር ላይ ከሥራ ቦታው 12 ኪሎ ሜትር ርቆ መነሻው አጠገብ የሚኖር ሰው፣ 7 ኪሎ ሜትር ላይ መሃል መንገድ ከሚኖረው ቀድሞ ቢሮ ሊገባ ይችላል።

ይህ ሲባል መሃል ያለ ፌርማታ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ጠዋት ብዙ ሰው የሚወርድበት ቦታ፣ ማለትም ትልቅ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል ወይም የመሥሪያ ቤቶች ስብስብ ያለበት ፌርማታ፣ ወንበር የሚለቀቅበት ስለሆነ ለተሳፋሪ ይመቻል። ቤት ፈላጊው ሰው የሚጫንበትን ብቻ ሳይሆን የሚወርድበትንም ቢያይ ይጠቅመዋል። የጉዞው አቅጣጫም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ከሳሪስ ተነሥቶ ወደ ቃሊቲና አቃቂ ፋብሪካዎች የሚሄድ ወይም ከመገናኛ ወደ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አቅጣጫ የሚወጣ ሠራተኛ የሚጓዘው ከብዙው ሕዝብ ተቃራኒ ነው። ወደ መሃል ያደረሱ መኪኖች ሌላ ሰው ለመጫን ወደ ዳር ሲመለሱ ወንበራቸው ክፍት ነው። ሥራው ዳር የሆነ ሰው «ከሥራዬ ልቅረብ» ብሎ እዚያው ዳር መከራየት የግድ አይሆንበትም። ከመሃሉ በር ላይ ሆኖ ወደ ውጭ መሄድ ሊቀለው ይችላል።

የማታው ደግሞ ሌላ ፈተና አለው። ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ የቆመ ሰው እንደሚያውቀው፣ ረጅሙን መስመር መጫን የሚገባው ታክሲ ታፔላውን ትቶ ግማሽ መንገድ ድረስ ብቻ ይጠራል። ተሳፋሪው እዚያ ወርዶ፣ ሌላ ታክሲ ይዞ፣ ሁለተኛ ይከፍላል። መስመር መቆራረጥ የተከለከለ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል፤ በጥድፊያው ሰዓት ግን ይደረጋል። ጠዋት በአንድ መኪና ያደረሰው ሰፈር ማታ ሁለት ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። መስመሩ በረዘመና በመካከሉ ብዙ ማራገፊያ በኖረው ቁጥር ለመቆራረጥ ይመቻል። ስለዚህ «በአንድ መኪና ያደርሳል» የሚባል ሰፈር ሲገኝ፣ ጥያቄው «ማታ 12 ሰዓት ላይስ?» መሆን አለበት። ክረምት ሲገባ ደግሞ መንገዱ በጎርፍ ይዘጋል፤ በእግሩ ይሄድ የነበረውም ሰው ታክሲ ይፈልጋል፤ ሰልፉ ይረዝማል።

ወደ ሂሳቡ እንምጣ። ለማሳያ ያህል ብቻ፣ በወር 26 ቀን የሚሠራ ሰው እንውሰድ። በአንድ መኪና የሚያደርሰው ሰፈር ረጅም መስመር ስለሆነ በአንድ ጉዞ 30 ብር ያስከፍላል እንበል፤ በወር 52 ጉዞ ነው፤ 1,560 ብር ይሆናል። ሌላው ሰፈር ቀረብ ያለ ነው፤ ግን በባጃጅ ወደ አስፋልት፣ ከአስፋልት ወደ መገናኛ፣ ከመገናኛ ወደ ሥራ ነው የሚኬደው። እያንዳንዱ 15 ብር ቢሆን፣ በወር 156 ጉዞ 2,340 ብር ይወጣል። የ780 ብሩ ልዩነት ከኪራዩ ላይ ሲታይ ትንሽ ይመስል ይሆናል። ትልቁ ነገር ሰዓቱ ነው። ሁለቱ ተጨማሪ ሰልፎች በአንድ አቅጣጫ 40 ደቂቃ ቢወስዱ፣ በቀን 80 ደቂቃ፣ በወር ከ34 ሰዓት በላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። እንግዲህ ያ ሰው በየወሩ ከአራት የሥራ ቀን በላይ ያለ ደመወዝ ቆሞ ይውላል ማለት ነው። ማታ ልጅ የሚያስጠናበት፣ የማታ ትምህርት የሚማርበት፣ እናቱን የሚጠይቅበት ጊዜ ይኸው ነበር።

እዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ ከባድ ነው። «ምርጫ ያለው ሰው ነው ይህን የሚያሰላ፤ ደሃው ኪራዩ ወደ ቀነሰበት ይሄዳል እንጂ ሰልፍ አይቆጥርም» የሚል ነው። ልክ ነው፤ ደመወዙ ሁለት ሰፈር ለማነጻጸር የማይፈቅድለት ሰው ብዙ ነው። ከአዲስ አበባ ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር የሚደረገውም ሰው መራመድ ስለሚወድ ብቻ አይደለም፤ ለታክሲ የሚከፍለው ስለሌለውም ነው። ይሁንና የዚህ ጽሑፍ ክርክር «ወደ መሃል ግቡ» የሚል እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። መሃል መኖር ለሁሉም አይደርስም። የምለው፣ ዳር ላይም ቢሆን ሰፈርና ሰፈር፣ እንዲያውም ብሎክና ብሎክ ይለያያሉ ነው። በአንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ከታክሲ ተራው አጠገብ ያለው ብሎክና ከተራው ባጃጅ የሚያስፈልገው የውስጥ ብሎክ በኪራይ የሚለያዩት ጥቂት ነው፤ በድካም ግን ብዙ ነው። ገንዘቡ ያነሰው ሰው ይህን ልዩነት ማወቅ ከባለ መኪናው ይልቅ ይጠቅመዋል። አቅም ላለው ሰው ስሕተቱ በራይድ ወይም በኮንትራት ታክሲ ይታረማል፤ ለሌለው መታረሚያ የለውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ባቡር አለ፤ አውቶቡስ አለ፤ ሰርቪስ አለ» የሚለው ነው። ባቡሩ ለክርክሬ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሁለት መስመር፣ 39 ጣቢያ፣ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ አንዱ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከቃሊቲ እስከ ምኒልክ አደባባይ። አያት የሚኖር ሰው ሜክሲኮ ለመድረስ፣ ሳሪስ የሚኖር ሰው አውቶቡስ ተራ ለመድረስ አንድ ጊዜ ብቻ ይሳፈራል፤ መስመር የሚቆራርጥበትም የለም። ጉድለቱ ከመጡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በብልሽትና በመለዋወጫ እጦት መቆማቸው ነው፤ በዚህ ምክንያት በጥድፊያው ሰዓት መግባት ራሱ ትግል ነው፤ መብራት ሲጠፋም ይቆማል። ስለዚህ ባቡርን እንደ ዋና መንገድ ይዞ ጎኑ ታክሲ ያለበትን ጣቢያ መምረጥ ይበጃል፤ ባቡር ብቻ ያለበትን አይደለም። እንደ ታክሲው ሁሉ እዚህም መነሻ ጣቢያው ላይ የሚኖረው ይቀመጣል፣ ቀጥሎ ያለው ይቆማል፣ መሃል ያለው በሩ ሲዘጋ ያያል። የመሥሪያ ቤት ሰርቪስና የመንግሥት ሠራተኛውን በነፃ የሚያመላልሰው ፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስም ትልቅ እረፍት ነው። ግን ሰርቪስ ሰዓቱንና ቦታውን ጠብቆ ያልፋል፤ ያመለጠው፣ ያመሸ ወይም ቅዳሜ የተጠራ ሠራተኛ ሌላ መንገድ ያስፈልገዋል፤ ሥራ የለቀቀ ዕለትም ሰርቪሱ አብሮ ይቀራል። ሰርቪስን ብቻ አይቶ ሩቅ መከራየት ኪራዩን ከአሠሪው ጋር ማሰር ነው።

ይህ ወደ ሦስተኛው ተቃውሞ ይወስደናል። «ሥራ ይቀየራል፤ ባልና ሚስት ደግሞ የሚሠሩት በተለያየ አቅጣጫ ነው፤ ለማን ሥራ ይቅረብ?» የሚል ነው። ለዚህ የምሰጠው መልስ ሥራ ቦታውን ትቶ ማገናኛውን፣ ማለትም ብዙ መስመሮች የሚገናኙበትን ቦታ፣ መያዝ ነው። መገናኛ በአንድ መኪና የምትደረስበት ሰፈር የሚኖር ሰው ሥራው ከካዛንቺስ ወደ ቦሌ ቢዛወር ሁለተኛው መኪና ይለወጥበታል እንጂ የመጀመሪያው አይነካም። ከሁለት ማገናኛ በአንድ መኪና የሚደረስበት ሰፈር ደግሞ ለባልና ሚስት ይመቻል፤ አንዱ ወደ ሜክሲኮ፣ ሌላዋ ወደ መገናኛ ይሄዳሉ። ልጅ ካለ ግን ቅድሚያው የልጁ ነው። ትልቅ ሰው ሁለት ጊዜ ተሰልፎ ቢደክመው ያርፋል፤ የሰባት ዓመት ሕፃን ቦርሳውን አዝሎ በሰው መሃል ሲገፋ መዋሉ ግን ልክ አይደለም። ትምህርት ቤቱ በእግር የሚደረስ ይሁን፤ የአዋቂዎቹ መንገድ ከዚያ በኋላ ይታሰብ። ማታ የምትገባ ሴት ደግሞ ከተራው እስከ በሩ ያለውን መንገድ ለብቻው ትመዝነው። መብራት የሌለበት አምስት ደቂቃ፣ ሱቅ ክፍት ሆኖ ሰው ከሚመላለስበት አሥራ አምስት ደቂቃ ይረዝማል።

ሰፈርን አስቦ ለመምረጥ ሌላው ምክንያት የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ አከራዩም በፈለገ ጊዜ ኪራይ መጨመር አይችልም። ሁለት ዓመት ተረጋግቶ መኖር የሚቻልበት ውል፣ ሰፈሩ በደንብ ከተመረጠ ትልቅ ጥቅም ነው፤ በጥድፊያ ከተመረጠ ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው የሚሆነው። ብዙ ሰው ቤት የሚያየው ደግሞ እሑድ ነው። እሑድ መንገዱ ክፍት ነው፤ ተራው ላይ መኪናው ሰውን ይጠብቃል፤ ደላላው ያለው አምስት ደቂቃም እውነት ይሆናል። ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት በአንድ የሥራ ቀን፣ ቢቻል ሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከዚያ ቤት ደጃፍ ተነሥቶ እስከ መሥሪያ ቤቱ በር መሄድ፣ ማታም በመውጫ ሰዓት መመለስ ያስፈልጋል። የሚጻፈው ሦስት ነገር ነው፦ ስንት ጊዜ ተሰለፍኩ፤ ረጅሙ ሰልፍ ስንት ደቂቃ ፈጀ፤ የወጣሁት ብር ስንት ነው። መንገድ ላይ ሳሉም አንድ ሁለት ሰው ማነጋገር ነው። ተራ አስከባሪውን «ማታ የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት ይወጣል? ዝናብ ሲዘንብስ?» ብሎ መጠየቅ፤ ተራው አጠገብ ሻይ የምትሸጠዋን ሴትዮ ደግሞ ሰልፉ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሳሳ መጠየቅ። ሁለቱም ቀኑን ሙሉ እዚያው ናቸው፤ ቤቱ ቢከራይ ባይከራይ የሚያገኙት ኮሚሽን የለም።